የአጃቢውን ስም ማን ይያዝለት?

ለዕረፍት ወደ አገራችን ወደ ላስታ ስንሄድ ጋሸና መገንጠያ ላይ መኪና እንለውጣለን። ባለፈው ክረምት፣ ጉም በወረደበት አንድ ጧት፣ ሚኒባሱ እስኪሞላ ስንጠብቅ ከሾፌሩ ቴፕ የቆየ ዘፈን ይሰማ ነበር። «ጋሼ፣ ይህን ኦርጋን የሚጫወተው ማነው?» ብለን ጠየቅነው። የዘፋኙን ስም ነገረን። «ዘፋኙንስ እናውቀዋለን» ብንለው፣ «ሌላውማ አጃቢ ነው፤ የአጃቢን ስም ማን ይይዝለታል?» ብሎ ሳቀ።

ነቀፌታችን በሾፌሩ ላይ አይደለም፤ በራሳችን ላይ ነው። በእኛስ አዳራሽ ዘፈን የሌለበት ሙዚቃ የሚሰማው ተናጋሪው እስኪመጣ ድረስ ለጊዜ ማሳለፊያ አይደለምን?

የኃይሉ መርጊያን ነገር እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ከዋልያስ ባንድ ጋር በአዲስ አበባ ሒልተን ሆቴል ኦርጋን ይጫወት ነበር። በ1981 ቡድኑ ወደ አሜሪካ ሲሄድ አብሮ ሄደ፤ በዚያው ቀረ። በ1985 ብቻውን ሆኖ አንድ ካሴት አወጣ። ከዚያ ግን በዋሽንግተን አካባቢ ለብዙ ዓመታት የታክሲ ሾፌር ሆኖ ኖረ፤ ተሳፋሪ ሲጠብቅ ኪቦርዱን ከመኪናው አውጥቶ ይለማመድ ነበር። በ2013 ያን ካሴት እንደገና አሳትሞ ለዓለም ያሰማው አንድ አሜሪካዊ ነው፤ እኛ አይደለንም።

በ2018 ኃይሉ «ላላ በሉ» የተባለውን አልበም ሲያወጣ አብረውት የተጫወቱት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ ባሱን ማይክ ማይኮቭስኪ፣ ድራሙን ቶኒ ባክ። እንዲህ ያለው የሦስት ሰው ቡድን ትሪዮ ይባላል። በደህና ትሪዮ ውስጥ አጃቢ የሚባል የለም፤ አንዱ ሲናገር ሌላው ይመልሳል፣ ሦስተኛው ይከራከራል። አሜሪካዊው ፒያኒስት ቢል ኤቫንስም በ1961 ኒውዮርክ ላይ ከሁለት ባልንጀሮቹ ጋር ያሳየው ይህንኑ ነው። የኃይሉ አልበም በ«ትዝታ» ይጀምራል፤ «አንቺሆዬ ለኔ»ም አለበት። እነዚህ የወሎ ልጅ ከእናቱ ጀርባ ሆኖ የሚሰማቸው ቅኝቶች ናቸው። የመጨረሻውን «የፍቅር እንጉርጉሮ» ግን ብቻውን በፒያኖ ይጫወተዋል።

«ግጥም የሌለው ዜማ ለሕዝባችን ምን ይነግረዋል?» የሚሉን ወንድሞች አሉ። የላስታ እረኛ በዋሽንቱ አንድም ቃል ሳይናገር ማዘኑን ወይም መደሰቱን ማዶ ያለው ሰው እንደሚያውቅለት ረስተውት ይሆን? ሕዝቡ መስማት ያውቃል፤ መስማት የተውነው እኛ ተምረናል ባዮቹ ነን። ሰሚ ያጣ ሙዚቀኛ ደግሞ ወይ ይሰደዳል፣ ወይ መሣሪያውን ይሰቅላል።

ስለዚህ ለኅብረታችን የምናቀርበው ሐሳብ ቀላል ነው። በሳምንት አንድ ሰዓት ዝም ብለን ሙዚቃ እንስማ፤ ከእያንዳንዱ ዜማ በፊትም የተጫዋቾቹ ሁሉ ስም ይነበብ። ለዕረፍት ወደየአገራችን የምንሄደውም የመንደራችንን የማሲንቆና የዋሽንት ተጫዋቾች ዜማ፣ ፈቃዳቸውን ጠይቀን፣ ከነስማቸው ቀርጸን እንመለስ። ይህ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ጆሮና ወረቀት ይበቃዋል።

የጋሸናው ሾፌር «ማን ይይዝለታል?» ሲል ጠይቆናል። መልሱ «እኛ» ይሁን።