ማዕድ ሳይቀርብ ጉርሻ የለም

ወገል ጤና ምሳ በልቼ ስወጣ መልሱን ሰሃኑ ላይ ትቼው ነበር። ሠላሳ ብር ብትሆን ነው። መናኸሪያው አጠገብ ስደርስ «ጋሼ! ጋሼ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ዞር ስል ሽሮውን ያቀረበችልኝ ልጅ ናት። ሽርጧን በአንድ እጇ ሰብስባ፣ ብሮቹን በሌላው ጨብጣ፣ ቁና ቁና እየተነፈሰች ደረሰችብኝ።

«መልስዎን ረስተው ነው የወጡት።»

«አልረሳሁም ልጄ፤ ላንቺ ብዬ ነው።»

ብሩንና ፊቴን እያፈራረቀች አየች። «ምን አድርጌልዎት?»

መኪናው በጋሸና በኩል ወደ ላሊበላ ሲያቀና የደላንታ ሜዳ አልታየኝም፤ ጥያቄዋን ነበር የማወጣ የማወርደው። እውነት ምን አድርጋልኝ ነው? ያዘዝኩትን ሽሮ አመጣች፤ ጨርሼ ሳልጠይቅ እንጀራ ጨመረች፤ እጄን አስታጠበችኝ። እሷ ይኼን ሥራዬ ነው ብላ ታስባለች። እኔ ደግሞ ማመስገን ፈልጌያለሁ። በሁለታችን መካከል ያለችው ሠላሳ ብር ስሟ ማን ይባል?

በማግሥቱ ላሊበላ፣ ቤተ መድኃኔዓለም ደጃፍ ላይ ጫማዬን አወለቅሁ። አንድ አዛውንት ጫማ ጠባቂ ተቀብለውኝ ከአለቱ ጥግ አስቀመጡልኝ። ተሳልሜ በመተላለፊያው ወደ ቤተ ማርያም ግቢ ስሻገር ጫማዬ ቀድሞኝ ደርሷል፤ አፍንጫው ወደ መውጫው ዞሮ፣ ማሰሪያው ላልቶ፣ አቧራው ተራግፎ። እግሬን ብቻ መክተት ነበር የቀረኝ። ገንዘብ ሰጠኋቸውና «አባቴ፣ ደመወዝ አለዎት?» አልኳቸው።

«የኔ ደመወዝ እግር ነው፣ ልጄ» አሉኝ። «እግር ሲበዛ እንበላለን፤ እግር ሲጠፋ ቁጭ ብለን እንጠብቃለን።»

ላሊበላ ደግሞ እግር ሲጠፋ አይታለች። በ2012 ኮሮና መጣ። በ2013 መጨረሻ ጦርነቱ ከተማዋ ድረስ ገባ። ሰላም መጣ ሲባል ከ2015 ክረምት ጀምሮ የክልሉ ግጭት መንገዱን ዘጋ። ዓለም በ1970 ዓ.ም. በቅርስነት የመዘገባቸው አሥራ አንዱ አብያተ ክርስቲያናት እንደቆሙ ናቸው። በሥራቸው የሚኖረው ሰው ግን፣ አስጎብኚው፣ አስተናጋጁ፣ እንግዳ በበቅሎ ወደ አሸተን ማርያም የሚያወጣው፣ ኑሮው በእንግዳ እጅ ላይ ተንጠልጥሎ ስለነበር እንግዳው ሲቀር አብሮ ወደቀ። ጉርሻ ደመወዝን ሲተካ መጨረሻው ይኼ ነው።

አማርኛችን ይህችን ገንዘብ ጉርሻ ብሎ መሰየሙ በዘፈቀደ አይመስለኝም። ጉርሻ የት ነው ያለው? ማዕድ ላይ ነው። ሰው ተጋብዞ፣ እጁን ታጥቦ፣ ከትሪው ዙሪያ ተቀምጦ፣ ራሱ እየበላ ሳለ ነው የሚጎረሰው። ጉርሻው አያጠግበውም፤ የሚያጠግበው ማዕዱ ነው። ጉርሻው «ወድጄሃለሁ፣ አክብሬሃለሁ» ማለት ነው። «አንድ ያጣላል» ብለን ሁለተኛውን የምንደግመውም ነገሩ የፍቅር ስለሆነ ነው። ማዕድ ያልቀረበለትን፣ በር ላይ የቆመን ሰው አንድ ጊዜ አጉርሰን ብንመልሰው ግን ያ ጉርሻ መባሉ ይቀራል፤ ምጽዋት ይሆናል።

ለሠራተኛ ማዕዱ ደመወዙ ነው። እሱን የሚያቀርበው አሠሪው ነው። እንግዳው የሚጨምረው ጉርሻውን ነው። ክርክሬ በሙሉ ይኼው ነው።

ሕጋችንም ቢሆን ሁለቱን አይደባልቅም። በ2011 የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ደመወዝ ምን እንደሆነ ሲተረጉም ከደንበኞች የሚገኝ የአገልግሎት ክፍያ ደመወዝ አይደለም ይላል። ይኸው አዋጅ የዝቅተኛ ደመወዝን ወለል የሚያጠና የደመወዝ ቦርድ እንዲኖር ያዝዛል። ዓመታት አለፉ፤ ወለሉ አልተቆረጠም። ወለል በሌለበት ደግሞ «ጉርሻ ታገኛለህ» እያለ በእጅግ ትንሽ ብር የሚቀጥር አሠሪ ሞልቷል። በአንድ ትልቅ ሆቴል ደረሰኜ ላይ ከ15 በመቶው ታክስ ሌላ 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ ታስቦብኝ፣ አስተናጋጁን ይደርስህ እንደሆነ ብጠይቀው አንገቱን ደፋ። እኔ ላንተ ብዬ የከፈልኩት አንተ ጋ ካልደረሰ፣ ከሁለታችን አፍ ላይ ተነጥቋል ማለት ነው።

መንገዱ ወዴት እንደሚያደርስ ለማየት አሜሪካ ያሉ ዘመዶቻችንን መጠየቅ ይበቃል። እዚያ የፌዴራሉ ሕግ ጉርሻ ለሚያገኝ ሠራተኛ አሠሪው በሰዓት 2 ዶላር ከ13 ሳንቲም ቢከፍል ይበቃዋል ይላል፤ እስከ ዝቅተኛው 7 ዶላር ከ25 ሳንቲም ያለውን እንግዳው በጉርሻው ይሞላዋል፣ እሱ ሳይሞላ ሲቀር ነው አሠሪው የሚጠየቀው። ከፍ ያለ ወለል ያወጡ ግዛቶች አሉ፤ ያ 2 ዶላር ከ13 ሳንቲም ግን እንደ እነሱ አቆጣጠር ከ1991 ጀምሮ አልተነቃነቀም። እዚያ ጉርሻ መተው ደመወዝ መንፈግ ሆኗል፤ የሚሰጠውም ጨንቆት ነው የሚሰጠው። እኛ ገና መንታ መንገዱ ላይ ነን።

ጉርሻን የሚያበላሸው አሠሪው ብቻ አይደለም። ሥራው ሳይጀመር እጁን የሚዘረጋ አለ፤ በተለይ ፈረንጅ ሲያይ። እንግዳ ተጠይቆ ሲሰጥ እጁ ይሰጣል፣ ልቡ ግን ይሸሻል፤ ተመልሶ አይመጣም። ከዚህ የከፋው ደግሞ የቢሮው ነው። ደመወዝ ተቆርጦለት ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ፋይል ይዞ «የሻይ» ሲል ይኼን ጉርሻ የሚለው ሰው የቃሉን ክብር እያረከሰ ነው። ጉርሻ የሚሰጠው ከጠገቡ በኋላ፣ ወደው፣ ምንም ሳይፈሩ ነው። ጉቦ የሚሰጠው አስቀድመው፣ ፈርተው ነው። ልዩነታቸው ይህን ያህል ግልጽ ነው።

ሌላም ነገር መጥቷል። ቴሌብር በ2013 ከገባ ወዲህ ሒሳቡን በስልክ እንከፍላለን፤ መልስ የሚባል ነገር የለም፤ ሰሃኑ ላይ የምትቀር ብርም የለችም። ምግቡን ያቀረበልንን ልጅ ሳናየው የምንወጣበት ቀን በዛ። ስለዚህ ጥቂት የወረቀት ብር በኪሴ መያዝ ጀምሬያለሁ። ሰሃን ላይም አልተውም፤ በእጅ እሰጣለሁ፣ ዓይኑን አይቼ፣ ያመሰገንኩበትን ነገር ተናግሬ። ጉርሻ ከእጅ ወደ አፍ እንጂ ከሩቅ አይወረወርም።

ለገና ላሊበላ የሄደ ሰው የሚያውቀው አንድ ነገር አለ። ከሩቅ አገር በእግሩ የመጣውን ምዕመን የከተማው ሰዎች ተቀብለው እግሩን ያጥቡታል። ብር ላውጣ ቢል አይቀበሉትም፤ የሚፈልጉት ምርቃቱን ነው። ጫማ ጠባቂው አዛውንትም የዚያው ከተማ ሰው ናቸው። የሰውን እግር በነፃ ማክበር አያቅታቸውም። ዓመቱን ሙሉ ጫማ እያነሱ ሲያኖሩ ግን ቤታቸው ምድጃ አለ። የምርቃት ጊዜ ምርቃት፣ የሥራ ጊዜ ደመወዝ፤ ጉርሻው ከዚያ በኋላ ይምጣ።

ለወገል ጤናዋ ልጅ ያኔ መልስ አጥቼ «እጄን አስታጥበሽኝ የለ!» ብያት ነበር። ሳቀችና ሠላሳዋን ብር እንደገና በሁለት እጇ ተቀበለችኝ። «እግዜር ይስጥልኝ» አለች። አሁን ሳስበው እኔ ነበርኩ ቀድሜ ልላት የሚገባኝ።