ምንዝሩን ለሥራ የሚያበቃ አለቃ

የአንድ ንግድ ቤት ሀብት ሲቈጠር በመጋዘን ያለው ዕቃ፣ በባንክ የተቀመጠው ገንዘብና በደንበኛ እጅ ያለው ዱቤ በመዝገብ ይገባል። ከሥራ አስኪያጁ ሥር ሆነው ሥራን የተማሩና እርሱ በሌለበት ጊዜ ቤቱን ሊያቆሙ የሚችሉ ሰዎች ግን በሒሳብ መዝገብ አይጻፉም። ሆኖም አንድ ድርጅት ከመሥራቹ በኋላ መኖሩን ወይም ከመሥራቹ ጋር መቀበሩን የሚወስነው ይኸው ያልተመዘገበ ሀብት ነው። ስለዚህ የመልካም አለቃ ዋናው መለኪያ ለሠራተኛው የሚያሳየው ፈገግታ ሳይሆን፣ በእጁ ካለፉት ሠራተኞች ውስጥ የእርሱን ሥራ ለመሥራት የበቁት ስንት ናቸው የሚለው ጥያቄ ሊሆን ይገባል።

በብዙ ንግድ ቤቶች የሚታየው ልማድ ግን ከዚህ የራቀ ነው። ቁልፉ፣ ማኅተሙና የቼኩ ፊርማ በአንድ ሰው እጅ ናቸው፤ የዕቃ አቅራቢዎቹ ስምና የዋጋቸው ነገርም በእርሱ ልብ ብቻ ተሰውሮ ይኖራል። ይህ ሰው ቢታመም ወይም መንገድ ቢሄድ የባንኩ ሰነድ ሳይፈረም ይሰነብታል፤ ሞጆ ደረቅ ወደብ የደረሰው ዕቃ የሚያወጣው አጥቶ የማከማቻ ኪራይ ይቈጥርበታል፤ ደንበኛውም «ጌታው የሉም፤ ነገ ይመለሱ» ተብሎ ይሸኛል። ሠራተኛው እጁን አጣጥፎ የሚቀመጠው በስንፍና አይደለም፤ እንዲያውቀው ያልተፈቀደለትን ነገር ሊሠራው ስለማይችል ነው። ባለቤቱ ሲመለስ ይቈጣል፤ ቍጣው ግን ራሱ በዘራው ዘር ላይ ነው።

የዚህ ልማድ ሥሩ ስለ ሥልጣን ያለው አስተያየት ነው። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቈጨዋል» የሚለው ተረት ሹመትን ለሹሙ ጥቅም እንደ ተሰጠ ርስት ይቈጥረዋል። እንዲህ የሚያስብ አለቃ ዕውቀቱን ቢያካፍል ርስቱን ያካፈለ ይመስለዋል፤ የምንዝሩ መጐበዝም የራሱ መሻር መጀመሪያ ሆኖ ይታየዋል።

የዚህን ተቃራኒ ለማየት ከኢትዮጵያ መውጣት አያስፈልግም። በዚህ ጽሑፍ የሚነገሩት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ሲሆኑ፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1945 የተመሠረተው ቲ.ደብልዩ.ኤ. ከተባለው የአሜሪካ አየር መንገድ ጋር በተደረገ ውል ነበር። በ1946 የመጀመሪያው በረራ በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ ሲደረግ፣ አስተዳዳሪዎቹም አብራሪዎቹም የውጭ አገር ሰዎች ነበሩ። በ1957 ግን ዓለማየሁ አበበ የዲሲ 3 አውሮፕላን አዛዥ ሆነው ለመብረር በቁ። በ1966 ኢትዮጵያዊ ምክትል ሥራ አስኪያጅ ተሾመ። በ1971 ደግሞ ስምረት መድኃኔ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ዋና ሥራ አስኪያጅ ሆኑ፤ የአሜሪካው ኩባንያ ድርሻም ከማስተዳደር ወደ መምከር ተለወጠ።

ከዚህ ታሪክ የንግድ ሰው የሚያገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። የአብራሪነት ሥራ በቃል ብቻ አይተላለፍም። አዛዡ ከተማሪው አጠገብ ተቀምጦ መሪውን ይለቅለታል፤ እጁን ግን ከመሪው አያርቅም። ገና በመጀመሪያው ቀን ሁሉን ቢለቅ አውሮፕላኑ ይወድቃል፤ ለዘወትር ባይለቅ ደግሞ ሌላ አብራሪ አይገኝም። ሠራተኛን መደገፍ ማለትም ይኸው ነው። አስተማሪው ቲ.ደብልዩ.ኤ. በ2001 በሌላ ኩባንያ ተጠቅልሎ ከሥራ ወጥቷል፤ ያስተማረው ሥራ ግን በተማሪዎቹ እጅ ቆሞ ቀርቷል።

ሁለተኛው ትምህርት ስሕተትን የሚመለከት ነው። ጃፓናዊው ሳኪቺ ቶዮዳ በ1924 ፍጹም ያደረጉት የሽመና መኪና ክር ሲበጠስ በራሱ ይቆም ነበር፤ ይኸውም የተበላሸ ጨርቅ እየተሠራ እንዳይቀጥል ነው። ይህ አሳብ በኋላ ወደ ቶዮታ የመኪና ፋብሪካ ገብቶ፣ ማንኛውም ሠራተኛ ጕድለት ባየ ጊዜ የሚስበው ገመድ ተዘረጋ። ገመዱ ሲሳብ የቡድኑ አለቃ ፈጥኖ ይመጣል፤ የሚመጣውም ችግሩን አብሮ ለመፍታት ነው። ችግሩ በተወሰነው ጊዜ ካልተፈታ ሥራው ይቆማል። ከዚያው ከጃፓን የመጣው የካይዘን አሠራር በኢትዮጵያም እንዲስፋፋ በ2011 የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት ተቋቁሟል።

ገመዱን መዘርጋት ቀላል ነው፤ ገመዱን የሚስብ ሠራተኛ ማግኘት ግን በአለቃው ጠባይ ይወሰናል። ጕድለት የተናገረ ሰው በጓደኞቹ ፊት የሚሰደብ ከሆነ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ጕድለት ሁሉ ይሸፈናል። በጊዜው ቢነገር በጥቂት ብር የሚታረም የቈጠራ ስሕተት፣ ተሸሽጎ ከቈየ በዓመቱ መጨረሻ የግብር ቅጣት ይዞ ይመጣል። ስለዚህ አስተዋይ አለቃ «ማን አጠፋ?» ከማለቱ በፊት «እንዴት ሊጠፋ ቻለ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ተግሣጹን ለብቻ፣ ምስጋናውን በሰው ፊት ያደርጋል።

ይህ ማለት ግን ሠራተኛን ማባበል ማለት አይደለም። ሲያረፍድ ዝም የሚለው፣ ያልተጣራ ሒሳብ ሲቀርብለት አይቶ እንዳላየ የሚፈርም አለቃ ደግ ቢባልም ምንዝሩን ይጐዳዋል፤ ያልታረመ ሠራተኛ ነገ በሌላ ቦታ ይወድቃልና። ደጋፊ አለቃ ሥራው እንዲታረም ሦስት ጊዜ ይመልሳል፤ የመለሰበትንም ምክንያት ሦስት ጊዜ ያስረዳል።

በዚህ ላይ ነጋዴዎች ዘወትር የሚያነሡት አንድ ክርክር አለ፤ ይኸውም «የሥራውን ምስጢር ያስተማርሁት ሠራተኛ ደንበኞቼን ይዞ ማዶ ሱቅ ይከፍትብኛል» የሚል ነው። ይህ ሥጋት ከንቱ አይደለም፤ በገበያ ውስጥ ሲደርስ የታየ ነገር ነው። አየር መንገዱም ቢሆን ያሠለጠናቸው አብራሪዎች ወደ ውጭ አገር አየር መንገዶች ሲሄዱበት ኖሯል። መልሱ ግን ትምህርት ቤቱን መዝጋት አልሆነም፤ በ1960ዎቹ ዓመታት የተከፈቱትን የአብራሪዎችና የጥገና ባለሙያዎች ትምህርት ቤቶች አስፍቶ፣ ከሌሎች የአፍሪካ አገሮች የሚመጡትን ጭምር እያስተማረ ቀጠለ። የሚሄደውን የሚተካ ሌላ ሰው ሁልጊዜ በመንገድ ላይ ካለ፣ የአንድ ሰው መሄድ ያሳዝናል እንጂ ቤቱን አያፈርስም።

ከዚህም ሌላ፣ ያወቀ ሠራተኛ ሊሄድ ይችላል ብሎ የሚፈራ ባለቤት፣ ያላወቀው ሠራተኛ እንደማይሄድበትም ሊያስብ ይገባዋል። ለሃያ ዓመት ሳያውቅ አብሮ የሚኖር ሰው የሚያስከፍለው ዋጋ፣ አውቆ በአምስተኛው ዓመት ከሚሄደው ሰው ዋጋ አያንስም። ደግሞም ብዙ ሰዎች የሚሄዱት ስላወቁ ሳይሆን፣ ዐውቀው ሳለ የሚወስኑት ነገር ስላልተሰጣቸው ነው።

እንግዲህ ሥራውን ለመጀመር ትልቅ ካፒታል አያስፈልግም። ባለቤቱ ትእዛዝ በሰጠ ጊዜ የትእዛዙን ምክንያት ጨምሮ ይንገር። ሠራተኛው ሳይጠይቅ ሊወስን የሚችልበትን የገንዘብ ልክ በጽሑፍ ይወስንለት፤ ከዚያ ልክ በታች የተወሰነውን ውሳኔም በሰው ፊት አይሻርበት። ከአቅራቢ ጋር ሲደራደር ወይም ባንክ ሲሄድ አንድ ሠራተኛ አስከትሎ ይሂድ፤ በሚቀጥለው ጊዜ ሠራተኛው ይናገር፣ ባለቤቱ ያድምጥ።

ይህን ሁሉ ካደረገ በኋላ የበጀት ዓመቱ ከመዘጋቱ በፊት አንድ ሳምንት ከሥራው ይራቅ፤ ስልክም አይደውል። ሲመለስ ቆሞ ያገኘው ሥራ ሁሉ ገና ሳያስተምረው የቀረ ነውና፣ አንድ በአንድ ጽፎ በማግሥቱ ማስተማር ይጀምር።