ለሕፃን የገና መጽሐፍ ስንመርጥ

የገና በዓል ሲቃረብ በየቤቱ የሚታሰበው ነገር ብዙ ነው። የበጉ ዋጋ ይጠየቃል፤ ጠላው ይጠነሰሳል፤ ለልጆች ልብስ ይገዛል። ከተማሩት ወጣት ወላጆች መካከል ደግሞ ለሕፃን ልጃቸው በበዓሉ ምክንያት መጽሐፍ የሚገዙ አሉ፤ ይህም ሊመሰገንና ሊስፋፋ የሚገባው ልማድ ነው። ነገር ግን ገንዘቡ ከመከፈሉ በፊት ሊጠየቅ ሲገባው ብዙ ጊዜ ሳይጠየቅ የሚታለፍ አንድ ጥያቄ አለ። እርሱም «ይህን መጽሐፍ በቤታችን ውስጥ ለልጁ ማን ማን ሊያነብለት ይችላል?» የሚለው ነው።

ሕፃን ስንል ከ1 ዓመት እስከ 3 ዓመት ድረስ ያለውን፥ ድክ ድክ እያለ የሚሄደውንና አፉን በመፍታት ላይ የሚገኘውን ማለታችን ነው። «ፊደል ላልቆጠረ ልጅ መጽሐፍ ምን ያደርግለታል? ይቀደዋል እንጂ» የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ እናውቃለን። እውነት ነው፤ ይቀደዋል፤ ያኝከዋልም። ቢሆንም የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው መግለጫ፥ ሐኪሞች ወላጆችን ከልጁ ልደት ጀምሮ ድምፅ አሰምተው እንዲያነቡለት እንዲመክሩ አሳስቧል። ከዚያም ቀደም ብሎ እ.ኤ.አ. በ1989 በቦስተን ከተማ ሕፃናት ለምርመራ ሲመጡ መጽሐፍ የመስጠት ሥራ ተጀምሮ ነበር፤ በእንግሊዝ አገርም በበርሚንግሃም ከተማ እ.ኤ.አ. በ1992 ይህንኑ የሚመስል ሥራ ተቋቁሞ ኋላ ወደ ሌሎች ከተሞች ተስፋፍቷል።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሕፃን ቃል የሚለቅመው ከሰው አፍ ነው። በጭን ላይ ተቀምጦ ሥዕሉን በጣቱ ሲያመለክት፥ «ይኼ ምንድር ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ፥ ተኮላትፎ ሲመልስና ቃሉ ተስተካክሎ ሲደገምለት፥ ስሙ ከነገሩ ጋራ ይጋጠምለታል። ብዙ ወላጆች ልጅ ዝም ለማሰኘት የሚሰጡት የእጅ ስልክ ግን ሥዕሉን ያሳየዋል እንጂ ልጁን ዓይን ዓይኑን እያየ መልሱን አይጠብቅም።

ይህ ለኛ ከውጭ የመጣ ጥበብ አይደለም። «ተረት ተረት» ሲባል «የላም በረት» ብሎ ሳይመልስ ያደገ ሰው በመካከላችን ጥቂት ነው። ተራኪው የልጁን መልስ ሳይሰማ ወደ ታሪኩ አይገባም ነበር። አባባ ተስፋዬ ተብለው የሚታወቁት ተስፋዬ ሳህሉ፥ በ2009 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም በሞት እስኪለዩ ድረስ በብዙ ትውልድ ዘንድ የተወደዱት፥ ከ40 ዓመት በላይ በቴሌቪዥን ለልጆች ተረት ሲነግሩ ይህንኑ የእሳት ዳር ወግ ወደ መስኮቱ አምጥተው ስለ ነበር ነው። እንግዲህ መጽሐፍ ማንበብ ማለት ለሕፃን የዚሁ ወግ ተከታይ ነው፤ የሚለየው በጭኑ ላይ ሥዕል መኖሩ ብቻ ነው።

ታዲያ መልካም የገና መጽሐፍ የትኛው ነው? አስቀድመን የምናየው ርዝመቱን ነው። የሆላንዱ ሠዓሊ ዲክ ብሩና እ.ኤ.አ. ከ1955 ጀምሮ ሚፊ ስለምትባል ትንሽ ጥንቸል የጻፋቸው መጻሕፍት 12 ሥዕሎች ብቻ ያሏቸው ሲሆኑ፥ ከያንዳንዱ ሥዕል ጋራ 4 አጫጭር ስንኞች ተጽፈዋል። ይኸው ሰው እ.ኤ.አ. በ1963 የገናን ታሪክ በዚያው ቀላል አሣሣል ለሕፃናት አቅርቧል። ልኩን ከዚህ መማር ይቻላል። በአንድ ገጽ ላይ ሙሉ አንቀጽ የታጨቀበት መጽሐፍ፥ ወረቀቱ ቢያምርም ታሪኩ ቢጣፍጥም፥ ገና ለሁለት ዓመት ልጅ አይደለም፤ ልጁ አንባቢው ሳይጨርስ ገጹን ይገለብጠዋል። ወረቀቱም ወፍራም ካርቶን ቢሆን ይመረጣል፤ ምክንያቱም በዚህ ዕድሜ መጽሐፍ በዓይን ብቻ ሳይሆን በድድም ይመረመራል።

ሁለተኛ የምናየው ሥዕሉን ነው። በውጭ አገር ታትመው ወደኛ የሚመጡት የገና መጻሕፍት አብዛኛዎቹ በረዶ፥ አጋዘን፥ የጭስ መውጫና ቀይ ልብስ የለበሰ ሽማግሌ ይታዩባቸዋል። የዚህ ሁሉ ሥዕል አንዱ ዋና ምንጭ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1823 በአሜሪካ በኒው ዮርክ ክፍለ ሀገር በትሮይ ከተማ ጋዜጣ የጸሐፊው ስም ሳይገለጽ የወጣ አንድ ግጥም ነው። አጋዘኖቹ ስምንት መሆናቸውና ሽማግሌው በጭስ መውጫ መውረዱ በዚያ ግጥም በሕዝብ ዘንድ ታወቀ። ለዚያ አገር ልጅ መልካም ነው፤ በመስኮት ሲመለከት በረዶውን ያየዋል። የአዲስ አበባ ልጅ ግን በረዶ የሚያውቀው በክረምት የቤቱን ቆርቆሮ ሲደበድበው ነው። ያን ለስላሳ ነጭ ነገር አሳይተን «በረዶ» ብንለው፥ የሰማውና ያየው አይገጥምለትም። ትልቅ ልጅ ስለ ሩቅ አገር ቢማር ዓይኑ ይከፈትለታል፤ የሁለት ዓመት ልጅ ግን በመጀመሪያ የሚፈልገው በመጽሐፉ ያየውን በደጁ ማግኘት ነው።

የኛ ገና ደግሞ ለሕፃን ዓይን የሚሆን ነገር አላነሰውም። በግቢው ታስሮ የሚጮኸው በግ፥ በወለሉ የተጎዘጎዘው ቄጠማ፥ ነጩ ነጠላ፥ ትልቁ ድፎ ዳቦ፥ ጫፉ የቆለመመው የገና ዱላና የምትመታው ሩር፥ ሁሉም በጣት የሚያመለክቱት፥ በአንድ ቃል የሚጠሩት ነው። የልደቱም ታሪክ ራሱ እንዲሁ ነው። በሉቃስ ወንጌል በምዕራፍ 2 የተጻፈው በጨርቅ የተጠቀለለ ሕፃን፥ እናቱ፥ ግርግምና መንጋቸውን በሌሊት የሚጠብቁ እረኞች ናቸው። በዚህ ምዕራፍ ላይ ስማቸው ያልተጠቀሰው ላምና አህያ እንኳ በሠዓልያን እጅ ከሥዕሉ ገብተው የልጆች ወዳጅ ሆነዋል። ልጁም «እምቧ» እያለ ላሟን ተክቶ ሊናገርላት ይችላል። በማቴዎስ ወንጌል በምዕራፍ 2 ያለው የሄሮድስ የጭካኔ ሥራ ግን ለዚህ ዕድሜ አይሆንም፤ ይህን የያዘ መጽሐፍ ልጁ እስኪያድግ በመደርደሪያ ቢቆይ መልካም ነው።

አሁን በመጀመሪያ ወዳነሣነው ጥያቄ እንመለስ። ወጣቱ የመሥሪያ ቤት ሹም ለልጁ የሚገዛው የገና መጽሐፍ ብዙውን ጊዜ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነው። ይህን የሚያደርገው በክፋት አይደለም፤ ሥዕሉ ያምራል፥ ካርቶኑ ይጠነክራል፥ ልጁም ቋንቋውን ቶሎ ይልመደው ብሎ ነው። ነገር ግን እርሱ ከሥራ የሚመለሰው በመሸ ጊዜ ነው። ቀኑን ሙሉ ከልጁ ጋራ የምትውለው አያቱ ናት። ልጁ መጽሐፉን አንሥቶ ወደርሷ ሲሄድ «እኔ አላውቀውም ልጄ፤ አባትህ ሲመጣ» ትለዋለች። እነሆ፥ ከኅዳር 15 ቀን ጀምራ የነቢያትን ጾም የጾመችው፥ በልጅነቷ ያየችውን የገና ጨዋታ ሁሉ የምታስታውሰው፥ ከቤቱ ሰው ሁሉ ስለዚህ በዓል የበለጠ የምትናገረው ሴት፥ የገና መጽሐፍ ሲከፈት ዝም ትላለች። ልጁም ማንም ሳይነግረው አንድ ትምህርት ይማራል፤ ይኸውም መጽሐፍ የሚናገረው በአያቴ ቋንቋ አይደለም፥ አያቴም የምታውቀው በመጽሐፍ አይገኝም የሚል ነው። ይህን ትምህርት በሁለት ዓመቱ የተማረ ልጅ በሃያ ዓመቱ እንዲረሳው ማድረግ ቀላል አይደለም።

የውጭ ቋንቋ አይማር ማለታችን አይደለም፤ እኛም በርሱ ተምረንበታል፥ እንጀራም እንበላበታለን። ግን ለሁሉም ጊዜ አለው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ የወሰነው፥ ልጅ በሚያውቀው ቋንቋ ሲማር የሚገባው የበለጠ በመሆኑ ነው። የሰባት ዓመት ልጅ በእናቱ ቋንቋ ይማር እያልን የሁለት ዓመቱን ልጅ በጭናችን ላይ አስቀምጠን በባዕድ ቋንቋ ብናነብለት ነገሩ አይጣጣምም። በዋሽንግተንና በሌሎች የውጭ ከተሞች ለሚኖሩ ወገኖቻችንማ ጉዳዩ ከዚህም ይብሳል። በዚያ ጎዳናውም ቴሌቪዥኑም የልጁን እንግሊዝኛ ያስተምሩለታል፤ አማርኛውን ግን ከቤት በቀር የሚያስተምርለት የለም።

«በአማርኛ የተዘጋጀ፥ ለዚህ ዕድሜ የሚስማማ መጽሐፍ ከየት ይምጣ?» የሚለው ተቃውሞ ተገቢ ነው። በአማርኛ ከሚታተሙት የልጆች መጻሕፍት ብዙዎቹ ለትምህርት ቤት ልጅ የተጻፉ፥ ጽሑፋቸው የበዛ፥ ወረቀታቸው የሳሳ ነው። ሆኖም መንገድ አይጠፋም። አንደኛው መንገድ ጽሑፍ የሌለበትን ወይም ጥቂት ጽሑፍ ያለበትን የሥዕል መጽሐፍ መምረጥ ነው። የእንግሊዙ ሠዓሊ ሬይመንድ ብሪግስ እ.ኤ.አ. በ1978 ያወጣው «የበረዶው ሰው» የተባለው መጽሐፍ ታሪኩን የሚናገረው በሥዕል ብቻ ነው፤ እንዲህ ያለውን መጽሐፍ በማናቸውም ቋንቋ መተረክ ይቻላል። የቤተ ክርስቲያኖቻችን ግድግዳዎችም ፊደል ላልተማረው ሕዝብ ለብዙ መቶ ዓመታት ያስተማሩት በዚሁ ዘዴ ነው፤ ስለዚህ ፊደል ያልቆጠረች አያት እንኳ ሥዕል ከተሰጣት ጥሩ አንባቢ ናት። የባዕድ ጽሑፍ ያለበትንም ቢሆን ባጭር ባጭር የአማርኛ ዐረፍተ ነገር በወረቀት ጽፎ ከሥዕሉ በታች መለጠፍ ይቻላል።

ሁለተኛው መንገድ በእጅ መሥራት ነው። ስድስት ወፍራም ወረቀት፥ መርፌና ክር ይበቃሉ። በመጀመሪያው ገጽ እናትና ሕፃን፥ በሁለተኛው በግ፥ በሦስተኛው እረኛ፥ በአራተኛው ኮከብ፥ በአምስተኛው የገና ዱላና ሩር፥ በስድስተኛው ዳቦ ይሣላል፤ በያንዳንዱም ሥር አንድ ዐረፍተ ነገር ይጻፋል። ገንዘብ የሌለው ተማሪ ለታናሽ እኅቱ ወይም ለወንድሙ ልጅ ከዚህ የበለጠ ስጦታ የሚሰጥ አይመስለንም።

ሦስተኛውና ዘላቂው መንገድ ግን መጠየቅ ነው። አይስላንድ 400 ሺህ ሕዝብ እንኳ የማይሞላባት ትንሽ አገር ናት። ይሁን እንጂ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ሌላው ዕቃ ሲታገድ ወረቀት እንደ ልብ ይገኝ ስለ ነበር፥ ሰዉ በገና መጽሐፍ መሰጣጣት ለመደ፤ የአዳዲስ መጻሕፍት ዝርዝርም በያመቱ ከበዓሉ በፊት ለየቤቱ ይላክ ነበር። ገዢው በመጠየቁ አሳታሚው አሳተመ። አማርኛ በብዙ ሚሊዮን የሚቈጠር ሕዝብ የሚናገረው ቋንቋ ነው። እያንዳንዱ ወጣት ወላጅ ወደ መጽሐፍ መሸጫው ገብቶ «ለሁለት ዓመት ልጅ የሚሆን፥ ካርቶኑ የጠነከረ፥ ያማርኛ የገና መጽሐፍ አላችሁ?» ብሎ ቢጠይቅና «የለም» ሲሉት በሚመጣው ዓመት ተመልሶ ቢጠይቅ፥ ነጋዴና አሳታሚ ጆሮ አላቸው። ይህ ምክር ለገና ብቻ አይደለም፤ ለመውሊድም ሆነ ለዒድ ለልጃቸው መጽሐፍ ለሚፈልጉ ወላጆችም ይሠራል።

መጽሐፉ ከተገኘ በኋላ ስለ ጊዜው አንድ ቃል እንጨምር። ታኅሣሥ 29 ቀን፥ በዘመነ ዮሐንስም ታኅሣሥ 28 ቀን፥ በበዓሉ ዕለት የተሰጠ መጽሐፍ ዘግይቷል። ቤቱ በእንግዳ ሲሞላ ለማንበብ ማን ጊዜ አለው? ይልቅስ ከወሩ መጀመሪያ አንሥቶ በየማታው አሥር ደቂቃ ቢነበብ፥ በጉ ወደ ግቢው በገባ ቀን ልጁ ከሁሉ ቀድሞ «በግ!» ብሎ ይጣራል። በመጽሐፍ የተዋወቀውን በደጁ አገኘው ማለት ነው።

አንባቢውም አይሰልች። ሕፃን አንዱን መጽሐፍ ሃያ ጊዜ ቢሰማ ሃያ አንደኛውን ይፈልጋል፤ ቃሉ የሚያድርበትም በመደጋገሙ ነው። የመጽሐፉ መልካምነት የሚታወቀው በሽፋኑ ወይም በዋጋው አይደለም። አባት ቢያነበው፥ እኅት ብታነበው፥ አያትም ብትተርከው፥ ሕፃኑ የመጨረሻው ገጽ ሲዘጋ «እንደገና!» ካለ፥ ያ መጽሐፍ በትክክል የተመረጠ ነው። በዚህ ዓመት መጽሐፍ የሚገዙ ወጣቶች ሁሉ ይህን በልባቸው ይዘው ወደ ገበያ እንዲወጡ እናሳስባለን።