የቁልፍ ቀኝና ግራ

ከቤት ዕቃ ጠፍቶ ቁልፉ ሳይሰበር በተገኘ ጊዜ፥ ጌታውም እመቤቲቱም አስቀድመው የሚናገሩት ቃል አንድ ነው፤ «ቁልፉ አልተሰበረም፤ እንግዲያስ የከፈተው መክፈቻውን ያገኘ የቤት ሰው ነው» ይላሉ። በዚህ ቃል ምክንያት ብዙ አሽከርና ብዙ ገረድ ደመወዛቸውን ሳይቀበሉ ከደጅ ተሰናብተዋል። በችሎትም ይኸው ቃል እንደ ምስክር ተቈጥሮ ሲቀርብ፥ እኔም በመዝገብ ላይ ስጽፈው ኖሬአለሁ።

ባለፈው ክረምት በአንዲት ዘመዳችን ቤት የዕቃ ቤቱ መክፈቻ ጠፋና ቁልፍ ሠሪ ተጠራ። ሰውዬው ቀጫጭን ሽቦዎች አግብቶ ቁልፉን ወደ ቀኝ፥ ማለት ወደሚከፈትበት ወገን፥ ለማዞር ላቡ እስኪወርድ ደከመ፤ አልሆነለትም። በኋላ ወደ ግራ ቢሞክረው አንድ ሲኒ ቡና ተጠጥቶ ሳያልቅ ዞረለት። በግራ መዞሩ ብቻውን መዝጊያውን አይከፍትምና፥ ሞላ ባለው በሌላ መሣሪያ በድንገት ወደ ቀኝ ወረወረው፤ ተከፈተም። ወይዘሮዋም «አንተ ሰው፥ ያው አንዱ ቁልፍ አይደለምን? ስለ ምን በቀኝ እንቢ ብሎ በግራ እሺ አለ?» ቢሉት፥ «እሜቴ፥ እንዲህ ያደረገው በፋብሪካ የበሳው መሰርሰሪያ ነው» ብሎ መለሰላቸው። እኔም ነገሩን ከእርሱ ጠይቄ፥ ከመጻሕፍትም አመሳክሬ የተረዳሁትን ለአንባቢዎቻችን እጽፋለሁ።

ዛሬ በብዙ መዝጊያ ላይ የሚታየው ቁልፍ፥ አሜሪካዊው ሊነስ ዬል ልጅየው በ1861 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው፤ ከዚህ በታች ያሉትም እንዲሁ) የፈጠራ መብት ያወጣበት ዓይነት ነው። መሠረቱ ግን ጥንታዊ ነው፤ የቀድሞ ግብጻውያን ይህን የመሰለውን ከእንጨት ይሠሩት ነበር። በውስጡ የሚዞር ክብ ብረት አለ፤ እርሱን ያቀፈው ብረት ግን አይዞርም። ሁለቱን የሚያገናኙ ብዙውን ጊዜ አምስት ወይም ስድስት ቀዳዳዎች በሰልፍ ተበስተዋል። በየቀዳዳውም ለሁለት የተከፈለ ትንሽ የብረት ችካል ገብቶ፥ በላዩ ያለው ሞላ ወደ ታች ይጫነዋል። ችካሉ በሁለቱ ብረቶች መካከል ተጋርዶ ስለሚቆም ክቡ ብረት አይዞርም። እውነተኛው መክፈቻ በገባ ጊዜ ጥርሶቹ እያንዳንዱን ችካል በልኩ ያነሡታል፤ ችካሎቹ የተከፈሉበት ስፍራም ከብረቶቹ መገናኛ ጋር ይስተካከላል።

መክፈቻ የሌለው ሰው ሁሉን በአንድ ጊዜ ማንሣት አይቻለውም። የሚረዳው የሥራው ጉድለት ነው። መሰርሰሪያ ቀዳዳዎቹን ፍጹም በአንድ መስመር ሊበሳቸው አይችልምና፥ አንዱ ወደ ቀኝ፥ አንዱ ወደ ግራ ለዓይን በማይታይ ልክ ይወጣል። እንግዲህ ክቡን ብረት ወደ ቀኝ ጥቂት ቢገፉት ከችካሎቹ አንዱ አስቀድሞ ይያዛል፤ የቀሩት ልቅ እንደ ሆኑ ይቈያሉ። የተያዘውን በሽቦ ቀስ አድርገው ሲያነሡት መገናኛው ላይ ሲደርስ ይለያያል፤ ክቡም እጅግ ጥቂት ፈቀቅ ይላል፤ ያን ጊዜ ሁለተኛው ይያዛል። እንዲህ እያለ እስከ መጨረሻው ይደርሳል። ቀዳዳዎቹ እንደ ክር የቀኑ ቢሆኑ ኖሮ ችካሎቹ በአንድነት ይያዙ ነበርና ይህ ጥበብ ባልሠራ ነበር።

ወደ ግራ በገፉት ጊዜ ግን ተራው ይገለበጣል፤ በቀኝ መጨረሻ የነበረው በግራ መጀመሪያ ይሆናል። ቅለቱም ችግሩም ከዚህ ይመጣል። ወደ ደጅ ያለው ችካል ረጅም ሆኖ ወደ ታች የወረደ፥ ከኋላው ያለው ደግሞ አጭር ሆኖ ከፍ ብሎ መነሣት የሚያሻው ቢሆን፥ ሽቦው ፊተኛውን ሳይነካ ኋለኛውን አያነሣም። ፊተኛው ተራውን ጨርሶ እንደ ሆነ፥ ክቡ ጥቂት ስለ ዞረ ከልኩ አልፎ ሊወጣ አይችልምና መነካቱ አይጎዳውም። ኋለኛው የሚቀድም እንደ ሆነ ግን፥ እርሱ በተለቀቀ ቅጽበት ፊተኛው ከልኩ በላይ እንደ ወጣ ይያዛል፤ ሥራውም ሁሉ እንደ ገና ይጀመራል። ቀኝ ይቀላል ወይም ግራ ይቀላል የሚል ደንብ የለም፤ ከአንድ ፋብሪካ የወጡ ሁለት ቁልፎች እንኳ ሊለያዩ ይችላሉ። ባለቤቱም ሃያ ዓመት ሲከፍትና ሲዘጋ ቢኖር ልዩነቱን አያውቀውም፤ መክፈቻው ሁሉን በአንድ ጊዜ ያነሣለታልና።

እንግሊዞችም በዚህ ነገር አንድ ጊዜ እጅግ አፍረዋል። ጀርሚያ ቸብ በ1818 ዓ.ም. ያወጣው ቁልፍ፥ ከውስጡ ምላሶች አንዱ ከልኩ በላይ የተነሣ እንደ ሆነ ይያዝና ሌባ እንደ ነካው ለባለቤቱ ያስታውቅ ነበር፤ ኋላም በተሻሻለው ላይ ባለቤቱ የገዛ መክፈቻውን ወደ ኋላ ቢያዞር ይፈታ ነበር። በ1851 ዓ.ም. በሎንዶን ታላቅ ኤግዚቢሽን ሲደረግ፥ አሜሪካዊው አልፍሬድ ቻርልስ ሆብስ ይህንኑ ቁልፍ በምስክሮች ፊት በ25 ደቂቃ ከፈተው። ጠባቂው በያዘበት ጊዜ ወደ ኋላ እያዞረ ይፈታው ነበርና፥ ለባለቤቱ የተሠራው መንገድ ለእርሱም አገለገለ። ቀጥሎም ለሚከፍተው 200 ጊኒ ሽልማት የተመደበለትን የብራማን ቁልፍ በ16 ቀን ውስጥ 51 ሰዓት ሠርቶ ከፈተው።

በሽቦ የተከፈተ ቁልፍ ግን ፈጽሞ ምልክት የለውም ማለት አይደለም። መክፈቻው በማይነካው ስፍራ፥ በችካሎቹና በክቡ ብረት ውስጥ፥ ቀጭን ጭረት ይቀራል፤ ቁልፉን ፈትቶ በማጉያ መነጽር የሚመረምር ባለሙያ ሊያየው ይችላል። እኔ በጻፍኋቸው መዝገቦች ውስጥ «ቁልፉ ተፈትቶ ይታይልኝ» ያለ ተከሳሽ አላጋጠመኝም።

ወይዘሮዋ ይህን ሁሉ ዝም ብለው ሰሙ። ከሦስት ወር በፊት ከዚያው ዕቃ ቤት የብር አምባር ጠፍቶባቸው፥ ቁልፉ አልተሰበረም በማለት አንዲት ልጅ አሰናብተው ነበር። ሠሪውን «አሁን ፈትተህ ብታየው የዚያን ጊዜው ጭረት ይታወቃልን?» ብለው ጠየቁት። እርሱም «እሜቴ፥ አሁን እኔ ራሴ ጭሬዋለሁ፤ የእኔን ከሌላው ማን ይለየዋል?» አላቸው። ጥቂት ቈይተው ሰው ጠሩና የልጅቱ ዘመዶች ወዳሉበት ላኩት፤ ያልተከፈላትን የሁለት ወር ደመወዝም በእጁ ሰጡት።