ቀን ሲመሰክር

ባለፈው ቅዳሜ፣ ከዘጌ እንጨት ጭነው የመጡት ታንኳዎች ሸክማቸውን አራግፈው ወደ መጡበት በሚመለሱበት ሰዓት፣ ከጎረቤቴ ልጅ ጋራ በጣና ዳር ተቀምጬ፣ ከፌስታል እያወጣች የምታሳየኝን ሁለት ወረቀት ሳገላብጥ አመሸሁ። አንደኛው፣ አለቃዋ ለደረጃ ዕድገት ወንዶቹን ብቻ ማጨቱን ተቃውማ ያስገባችው አቤቱታ ግልባጭ ሲሆን፣ የመዝገብ ቤቱ ማኅተም በግርጌው ተጋድሞ አርፎበታል፤ ሁለተኛው በዐሥራ አንደኛው ቀን የተጻፈ፣ «በሥራ አፈጻጸም ማነስ» መሰናበቷን የሚገልጽ ደብዳቤ ነው። ሦስተኛው ወረቀት፣ ማለት ከጥቂት ወራት በፊት «በጣም ጥሩ» የተባለችበት የሥራ ምዘና፣ በአሠሪው እጅ ባለው የግል ማኅደሯ ውስጥ ተኝቷል።

«ጋሼ፣ ማን ይመሰክርልኛል? ያዩት ሁሉ እንጀራቸው እዚያው ነው» አለችኝ።

አባቶቻችን በፍትሐ ነገሥት ሲዳኙ፣ ነገር ሁሉ በሁለት ወይም በሦስት ሰው ስምዕ እንዲጸና ይሹ ነበር፤ ዳሩ ግን ቂም በልቡና ተፀንሶ በደብዳቤ የሚወለድ ነገር በመሆኑ፣ ምስክር አስቀምጦ የሚበቀል አለቃ እስካሁን አላየሁም። የ2011 ዓ.ም. የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156፣ በአንቀጽ 26፣ ፆታም ሆነ እርግዝና፣ ሃይማኖትም ሆነ በአሠሪ ላይ አቤት ማለት ለስንብት ምክንያት እንዳይሆን ከልክሏል፤ ክልከላው መጣሱን ማን ያስረዳ በሚለው ላይ ግን ዝም ብሏል። ለአካል ጉዳተኞች የወጣው አዋጅ ቁጥር 568/2000 ከዚህ ይልቅ ደፋር ነው፤ በጉዳቱ ምክንያት አድልዎ ደረሰብኝ የሚል ሰው የማስረዳት ሸክም ሳይጫንበት እንዲከስ ፈቅዷልና። ያ ርትዕ ለእርሱ ተሰጥቶ፣ በሴትነቷ ለተገፋችው የሚነፈግበትን ምክንያት እኔ አላገኘሁትም። ደግሞም አገራችን በ1983 ዓ.ም. ያጸደቀችው የዓለም ሥራ ድርጅት 158ኛው ስምምነት፣ የተሰናበተ ሠራተኛ ሸክሙን ብቻውን እንዳይሸከም ያዛል፤ ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 9 እንዲህ ያለውን ስምምነት የአገሪቱ ሕግ አካል አድርጎታል። ችሎቱ እንግዲህ አዲስ ሕግ እስኪወጣ የሚጠብቅበት ምክንያት የለም፤ ማኅደሩ ይቅረብ ብሎ አዝዞ፣ «በጣም ጥሩ» የተባለችው በዐሥራ አንድ ቀን ውስጥ እንዴት ሰነፈች ብሎ አሠሪውን ይጠይቅ።

ይህን ነገርኋት፤ ወደ ሥራ ልመለስ የሚለው ክስም በሦስት ወር ይርጋ እንደሚታገድ አከልሁላት። ወረቀቶቿን አጥፋ ወደ ፌስታሉ መለሰችና፣ ከደብዳቤው ቀን ጀምራ በጣቷ ትቆጥር ጀመር።