የእርሻ መሣሪያ ያለ ጽኑ ሥርዓት የማይጠቅም ስለ መሆኑ

ብዙ ሰዎች እርሻ እንዲሻሻል ሲመኙ አስቀድሞ የሚታያቸው አዲስ ማረሻ፤ ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ ነው። ምኞቱ መልካም ነው፤ ነገር ግን መሣሪያ ብቻውን አገርን አያለማም። ገበሬው የደከመበት ፍሬ ለራሱና ለልጆቹ እንደሚቀር ካላመነ፤ እርከን ለመሥራትና ዛፍ ለመትከል እጁ አይነሣም። ይህንም እምነት የሚሰጠው የጸና ሕግና ሕጉን በእውነት የሚፈጽም ሹም ነው።

ለዚህ የጃፓን ታሪክ ምስክር ይሆነናል። የጃፓን መንግሥት በአውሮፓ አቈጣጠር በ1872 ዓ.ም. መሬት እንዳይሸጥ የነበረውን ክልከላ አንሥቶ ለባለመሬቱ የርስት ማረጋገጫ ወረቀት ሰጠ፤ በ1873 ደግሞ ከመከሩ በዓይነት ይወሰድ የነበረውን ግብር ትቶ ከመሬቱ ዋጋ ከመቶ 3 እጅ በገንዘብ እንዲከፈል ደነገገ። ይህም ከብዶ በ1876 ገበሬዎች ስላመፁ፤ በ1877 ወደ ከመቶ 2 ተኩል ዝቅ አለ። ግብሩ ከመከሩ ጋራ የማይጨምር ስለ ሆነ፤ አብልጦ ያመረተ ባለመሬት ትርፉን ለራሱ አስቀረ። በዚያው በ1877 በህዮጎ አውራጃ አንድ ገበሬ ከማሳው መርጦ ያወጣው ሺንሪኪ የተባለ የሩዝ ዘር በኋላ በምዕራብ ጃፓን ተስፋፋ፤ መንግሥትም በ1893 የእርሻ መመርመሪያ ጣቢያ አቆመ።

ይሁን እንጂ ጉድለቱን መሸፈን አይገባም። ወረቀቱ የተሰጠው ለባለመሬቱ እንጂ ለጭሰኛው ስላልነበረ፤ ጭሰኛው የመከሩን እኩሌታ ያህል በዓይነት ሲገብር ኖረ፤ ይህም የታረመው በ1946 በወጣው የመሬት ሕግ ነው።

በአገራችንም የ1967 ዓ.ም. አዋጅ ጭሰኝነትን ቢሽርም፤ መሬት በየጊዜው እንደገና ስለ ተሸነሸነ ገበሬው ማሳውን ነገ ማን እንደሚያርሰው ሳያውቅ ኖረ። ይህን ሥጋት ለማራቅ ከ1990 ዓ.ም. ጀምሮ በትግራይ፤ ቀጥሎም በአማራ፤ በኦሮሚያና በደቡብ ይዞታ እየተመዘገበ ደብተር ተሰጠ። በ1997 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 456 ባልና ሚስት በጋራ የያዙት መሬት በሁለቱም ስም እንዲጻፍ አዘዘ፤ እርሱን የተካው የ2016 ዓ.ም. አዋጅ ቍጥር 1324 ደግሞ ገበሬው የመጠቀም መብቱን ለብድር እንዲያስይዝ ፈቀደ።

መዝገብ ግን እንደ እርሻ ነው፤ ካልታረመ አረም ይውጠዋል። አባት ሲሞት፤ ባልና ሚስት ሲፋቱ፤ ወንድማማች ሲካፈሉ ለውጡ በጊዜው ካልተጻፈ፤ ደብተሩ የሙት ስም ተሸክሞ ይቀራል፤ ባልቴቲቱም ለመበደር ሆነ ለመሟገት ማስረጃ ታጣለች።

ስለዚህ በየወረዳው ያላችሁ የተከበራችሁ ሹማምንት፤ ምርጥ ዘር በምታድሉበት ወራት መዝገቡንም እንድትመረምሩ በትሕትና አሳስባለሁ። ባለጉዳዩ በቀጠሮ አይመላለስ፤ ውርሱ በሚኖርበት ቀበሌ ይመዝገብለት፤ የሚስቲቱም ስም ከባሏ ስም ጋራ መጻፉ ይረጋገጥ። ዘሩን ግምጃ ቤት ሊሰጥ ይችላል፤ ገበሬው ያለ ሥጋት እንዲዘራው የሚያደርገው ግን የእናንተ ቅን ፍርድ ነው።