ቮልስ በያዘ ሰው አትሳቁ

ዛሬ ስለ ፈተናና ስለ ውጤት አልጽፍም፤ ስለ መኪና ነው። "ቲቸር፣ አንተ መኪና አለህ እንዴ?" እንደምትሉኝ አውቃለሁ። የለኝም፣ የመምህር ደሞዝ ታውቁታላችሁ። ግን ስለ መኪና ለማሰብ ሊብሬ አያስፈልግም። እንዲያውም መንገድ ዳር ቆሞ መኪና የሚጠብቅ ሰው ከባለ መኪናው የበለጠ ያስባል።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኛ አገር አንድ ሰው ያንኑ መኪና ሃያና ሠላሳ ዓመት ከያዘ ወይ "ቋጣሪ" ይባላል፣ ወይ "ጊዜው ያለፈበት"። በየሁለት ዓመቱ የሚቀያይረው ደሞ "የገባው" ነው። እኔ በተቃራኒው ነው የማምነው። አንድ ሞዴል ላይ የጸና ሰው ብረት ብቻ አይደለም የያዘው፣ እውቀት ይዟል። የሚቀያይረው ብዙ ጊዜ የያዘው ወረት ነው። ወረት ደግሞ ሲያልፍ ምንም ትቶ አይሄድም።

ከቮልስ ልጀምር። አዲስ አበባ የኖራችሁ ታውቋታላችሁ፤ ያቺ ክብ ጀርባ ያላት፣ ሞተሯ ከኋላ፣ ዕቃ መጫኛዋ ከፊት የሆነው። በ1930ዎቹ ፈርዲናንድ ፖርሽ የሚባል መሐንዲስ የነደፋት መኪና ናት። እ.ኤ.አ. በ2003 ሜክሲኮ ውስጥ የመጨረሻዋ እስክትመረት ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርታለች። በእኛ ታሪክ ውስጥም ቦታ አላት። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋን ሲወርዱ ከቤተ መንግሥት የተወሰዱት በቮልስ ነው። ያን ሁሉ ቅንጡ መኪና ያሰለፉት ንጉሥ የወጡት በተራው ሰው መኪና ነበር። ሥርዓቱ ሄደ፣ ከእሱ በኋላ የመጣውም ሄደ፣ ቮልስ ግን እስከ ዛሬ አዲስ አበባ ላይ ትነዳለች። አባት ለልጅ ያወረሳት አለ። ከወደቀችበት አንስቶ፣ ቀለም ቀብቶ፣ ወንበሯን አሰፍቶ እንደ አዲስ የሚይዛት ወጣትም አለ።

ይቺ ቮልስ ታዲያ የሀብታም ዘመድ አላት። ያው የፖርሽ ቤተሰብ እ.ኤ.አ. በ1948 የመጀመሪያውን የፖርሽ ስፖርት መኪና፣ 356ን፣ ሲያወጣ የተነሣው ከቮልስ ዕቃ ነው። ከዚያ በ1963 ለሕዝብ የታየው 911 መጣ። ስድሳ ዓመት አልፎት እስካሁን ይመረታል። ሞተሩ ዛሬም ከኋላ ነው፣ ቅርጹንም ከሩቅ ትለዩታላችሁ። እስከ 1998 ድረስ ደሞ እንደ ቮልስ በአየር የሚቀዘቅዝ ነበር። አውሮፓና አሜሪካ ውስጥ ዕድሜ ልኩን 911 ብቻ የሚይዝ ሰው አለ፤ አንዱን ሸጦ የሚገዛው ሌላ 911 ነው። እዚያ ይህ "ፍቅር" ይባላል፣ መጽሔት ይጻፍለታል። እኛ ዘንድ ቮልሱን ወይ ዲኤክሱን የሙጥኝ ያለ ሰው ላይ ግን እንስቃለን። ልዩነቱ የኪስ እንጂ የልብ አይደለም።

ከአዲስ አበባ ውጪም ምሳሌ አለ። ሐረር የሄደ ሰው ፔጆ 404 ታክሲዎችን ያስታውሳል። ፈረንሳይ ውስጥ የቤት መኪናው ምርት እ.ኤ.አ. በ1975 ቆሟል። ሐረር ላይ ግን ከዚያ በኋላ ለአሥርተ ዓመታት ሰው ሲያመላልስ ኖሯል። ፋብሪካው ትቶት ከተማው ያልተወው መኪና ማለት ነው። እንዴት? የሐረር መካኒክ ስለሚያውቀው ነዋ! አንዱ ከሞተው ፔጆ ዕቃ ፈትቶ ለሕያው ይገጥማል፣ የጠፋውን አስቀጥቅጦ ያሠራል። ያ ሁሉ መኪና በእግሩ የቆመው በመካኒኮቹ እጅ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ሙግት እንደሚነሣ አውቃለሁ። "ቲቸር፣ ታማኝነት ምናምን አትበል፤ ሰው አሮጌ መኪና የሚይዘው አዲስ መግዛት ስላቃተው ነው" ትሉኛላችሁ። ግማሹ እውነት ነው። የመኪና ቀረጥና ታክስ የታወቀ ነው፤ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ደሞ ያገለገለ መኪና ማስገባትን ይበልጥ አከበደው። አገር ውስጥ ያለው አሮጌ መኪና ዋጋው በመውረድ ፈንታ የሚወጣው፣ ሰዉም መኪናን እንደ ቁጠባ ደብተር የሚያየው ለዚህ ነው። ግን ድህነት ብቻ ቢሆን ኖሮ ሰው ያገኘውን ይይዝ ነበር እንጂ አይመርጥም ነበር። ሰዉ እኮ ይመርጣል! ብር ይዞ ገበያ የወጣ ሰው "ዕቃው ሶማሌ ተራ ይገኛል ወይ? ማን ይሠራዋል? ስሸጠው ማን ይገዛኛል?" ብሎ ይጠይቃል። እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች የሚጠይቅ ሰው ያሰበበት ሰው ነው። "ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል" የሚባለው ተረት ለመኪና የተተረተ ይመስለኛል።

አሁን ወደ እኛው ወደ ዋግ ኽምራ እንምጣ። እዚህ የስፖርት መኪና የለም። የእኛ 911 ላንድክሩዘር ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 የወጣው ባለ 70ው ላንድክሩዘር መልኩን እምብዛም ሳይቀይር እስካሁን ይመረታል። ለብዙ ዓመታት የተሸከመው ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ 4.2 ሊትር የናፍጣ ሞተር፣ ሹፌሮቹ "ዋን ኤች ዜድ" የሚሉት፣ ነዳጁን የሚረጨው በሜካኒካል ፖምፓ ነው፤ ኮምፒውተር አይጠይቅም። ከሰቆጣ ደጋ ተነስቶ ወደ ዝቋላና አበርገሌ ቆላ ወርዶ፣ ተከዜ አካባቢ ደርሶ የሚመለስ መኪና ሌላ ምን አለ? ምጥ የያዛትን እናት ሆስፒታል የሚያደርሰው አምቡላንስ እሱ ነው፣ ክትባት የሚያደርሰው እሱ ነው፣ እርዳታ የሚቆጥሩት ሰዎች የሚመጡትም በእሱ ነው።

ፊዚክስ የተማራችሁ ልጆች አንድ ነገር አስታውሱ። ሰቆጣ ከባህር ጠለል በላይ ከ2,200 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። እዚህ አየሩ ስስ ነው፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከባህር ዳርቻ ጋር ሲወዳደር ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል። ውሃ የሚፈላው ደሞ በ100 ሳይሆን በ93 ዲግሪ ገደማ ነው። የራዲያተሩ ክዳን ግፊት መያዝ ካቃተው ዳገት ላይ ውሃው ቶሎ ይንተከተካል። ይህን በቀመር እኛ ክፍል ውስጥ እናስተምራለን። የቆየ ሹፌር ግን በጆሮው ያውቀዋል።

አንድ የማውቃቸው አዛውንት ሹፌር አሉ። ዕድሜያቸውን በሙሉ ላንድክሩዘር ነው የነዱት። አንድ ቀን "ጋሼ፣ ሌላ መኪና አያምርዎትም?" አልኳቸው። ሳቁና "ይሄውልህ መምህር፣ ይሄ ሲታመም ይናገራል፤ እኔም ቋንቋውን እሰማለሁ። አዲሱ ሲታመም መብራት ያበራልሃል፣ ምን እንዳመመው ግን አይነግርህም" አሉኝ። ከዚያ የጠቆመ ካምቢዮ ድምፁ ምን እንደሚመስል፣ ኩሽኔታ ሊበላ ሲል መሪው ላይ እጅህን እንዴት እንደሚነዝርህ ዘረዘሩልኝ። አንድ ሴሚስተር የሚያስተምር እውቀት ነው፤ አንድም መጽሐፍ ላይ አልተጻፈም።

ለእኔ የጉዳዩ እምብርት እዚህ ላይ ነው። ለአንድ ሞዴል መታመን የግል ምርጫ ይመስላል እንጂ የጋራ ሀብት ነው። አንድ ከተማ ውስጥ ሃምሳ ሰው አንድ ዓይነት መኪና ከያዘ አንድ መካኒክ እንጀራውን ይበላል፣ ሁለት ልጅ ያሠለጥናል፣ ዕቃ ሻጩም ዕቃ ያመጣል። ሃምሳው ሰው ሃምሳ ዓይነት መኪና ከያዘ ግን ሁሉም መኪናውን በክሬን አስጭኖ ወደ ደሴ ወይ አዲስ አበባ ይልካል። ትልቅ ከተማ ወረተኛ መሆን ይችላል። ሰቆጣ ግን አትችልም።

የጋራዡን ቋንቋ እስቲ ስሙት፤ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ፍሬን፣ ካምቢዮ፣ ባሌስትራ። ሁሉም ከጣሊያንኛ የመጣ ነው፣ ከነፊያት ዘመን። መኪኖቹ ካለቁ ስንት ዘመናቸው፤ ቃሉ ግን ጃፓን ሠራሽ መኪና ላይ ዛሬም ይሠራል። አንድ ነገር ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ እንዲህ ይቆያል። አሁን በየዓመቱ አዲስ ዓይነት መኪና ስናስገባ የትኛው ቃል፣ የትኛው እውቀት ነው ለልጆቻችን የሚቀረው?

ታማኝነት ስል ግን ቸልተኝነት ማለቴ አይደለም። ፍሬን ሸራው አልቆ፣ ጎማው ልጦ፣ በዘመድ ቦሎ የሚለጠፍለት መኪና ታማኝነት አያውቅም፣ ገዳይ ነው። ቮልስ ኤርባግ የላትም፣ አሮጌ ላንድክሩዘርም ከዘመኑ መኪና ጋር በደህንነት አይወዳደርም፣ ጭሱም ለጤና አይበጅም። እውነተኛው ቮልስ ወዳድ እኮ ይሄን ያውቃል። የቮልስ ማቀዝቀዣ ማራገቢያና ዲናሞው በአንድ ቺንጋ ነው የሚዞሩት፤ ቀዩ መብራት ቦግ ሲል ቺንጋው ተበጥሶ ሊሆን ስለሚችል እዚያው ይቆማል፣ ሞተሩ እስኪቃጠል አይጠብቅም። የሚወዱትን ነገር ገደቡን ማወቅም የፍቅሩ አካል ነው።

አሁን ደሞ ኤሌክትሪኩ መጣ። በጥር 2016 ዓ.ም. የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ከኤሌክትሪክ በስተቀር አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መወሰኑን አስታወቁ። እኔ ኤሌክትሪክን አልቃወምም። በፊዚክስ ካየነው ለእኛ አገር ብዙ ጥቅም አለው። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር ስለማይተነፍስ ከፍታ ጉልበቱን አይቀንስበትም። ቁልቁለት ሲወርድ ደሞ ባትሪውን መልሶ ይሞላል፤ ለዋግ ተራራ ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም። ነዳጅ በውጭ ምንዛሪ እንገዛለን፣ መብራቱ ግን ከራሳችን ወንዝ ነው።

ግን እነዚያን ሦስት ጥያቄዎች ኤሌክትሪኩንም እንጠይቀው። ዕቃው የት ይገኛል? ማን ይሠራዋል? ከአሥር ዓመት በኋላ ማን ይገዛዋል? አሁን የሚገባው በደርዘን የሚቆጠር ዓይነት ነው፤ ከቻይና ገበያ በቀጥታ የመጣና ስክሪኑ ቻይንኛ የሚናገርም አለ። የቮልስ ፋብሪካ ስም ራሱ በኤሌክትሪክ መኪና ተመልሶ አዲስ አበባ መንገድ ላይ ይታያል፣ የድሮውን የቮልስ መካኒክ ግን ኮፈኑን ቢከፍተው የሚያውቀው ነገር አያገኝበትም። እኛ ዘንድ ደሞ መብራቱም አለ። ከጦርነቱ በኋላ ዋግ ኽምራ ለረጅም ጊዜ ያለ መብራት እንደቆየ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። በዚያ ጊዜ አምቡላንሳችን ኤሌክትሪክ ቢሆን ኖሮ ማን ይደርስልን ነበር?

ስለዚህ የምለው ይሄ ነው። አንደኛ፣ መሥሪያ ቤቶችና ማኅበራት ኤሌክትሪክ ሲገዙ ብዙ ዓይነት አያግበስብሱ፤ ሁለት ወይ ሦስት ሞዴል መርጠው ይጽኑበት። ሁለተኛ፣ መኪናው ከመምጣቱ በፊት መካኒኩ ይሠልጥን፤ የቴክኒክና ሙያ ተማሪዎቻችን የተማሩት ካርቡራተር ሆኖ ተመርቀው የሚጠብቃቸው ባትሪ መሆን የለበትም። ሦስተኛ፣ እስከዚያ ድረስ የድሮውን ላንድክሩዘር የሚያውቁ እጆች አይናቁ። ከጎናቸው ወጣት ይመደብ፣ የሚያውቁት ይጻፍ፣ ይቀረጽ።

አውቶ መካኒክ ለተማራችሁ የድሮ ተማሪዎቼ ደሞ ለብቻ ልንገራችሁ። "ዘመኑ የኤሌክትሪክ ነው፣ ሙያችሁ አበቃ" የሚላችሁን አትስሙ። ኩሽኔታ፣ ጎማ፣ ፍሬን፣ መሪ ኤሌክትሪኩም ላይ አለ። ትንሽ የኮረንቲ ትምህርት ጨምሩበት። ከዚያ አንድ ሞዴል ምረጡና እስከ መጨረሻዋ ቡሎን ድረስ እወቁት። ሁሉን በትንሽ በትንሹ የሚነካካ መካኒክ ሞልቷል፤ "ይሄንን እሱ ነው የሚያውቀው" የሚባል ሰው ግን ሥራ ፈትቶ አያውቅም።

በመጨረሻ፣ መንገድ ላይ ሠላሳ ዓመት በአንድ ቮልስ ወይ በአንድ ላንድክሩዘር የኖረ ሰው ስታዩ አትሳቁበት። ቆም በሉና "ጋሼ፣ እንዴት ነው እስካሁን ያቆዩት?" ብላችሁ ጠይቁት። የሚመልስላችሁን ደሞ ጻፉትና አምጡልኝ፤ ክፍል ውስጥ አስተምርበታለሁ።